ጥበብ ይማራል

ትናንት የልጅ ልጄ ከገበያ ሁመር ገዝታ መጣች። ሐረር ያላደገ ሰው ሁመርን ላያውቀው ይችላል፤ ቅርፊቱ ቡናማ፣ ውስጡ የሚያጣብቅ፣ ሲቀምሱት ዓይን የሚያስጨፍን ኮምጣጣ ፍሬ ነው። ልጅቱ ለሆድ ይሻለኛል ብላ በድስት ጣደችው። እኔ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ሽታው መጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና ድስቱ ላይ አጎነበስኩ። ልቅዳልዎ ወይ ብትለኝ አልፈልግም አልኳት። ሁመር ለእኔ የሚጠጣ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ብር የሚታጠብበት ነው። እሳት ያጠቆረው ብር ሁመር ውስጥ ተቀቅሎ በእንዶድ ሲታሽ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። የዛሬ ልጆች አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ከሱቅ በካርቶን የሚመጣ፣ በሳምንቱ አረንጓዴ የሚሆን ነገር ነው፤ ምን ብዬ አስረዳታለሁ? ወደ ወንበሬ ተመለስኩና በሐሳቤ ብቻዬን ሄድኩ፤ ወደዚያ ወደ ጀጎል ግንብ፣ ወደ ቡዳ በር፣ ወደ ብር ሠሪው አው ሙሜ ደጅ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ፤ በቁጥር ድሮም ሰነፍ ነኝ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ለሰው ብርቅ መሆኑ ካበቃ በኋላ ነው። ሸዋ በር አጠገብ የነበረው ግሪክ ባለሱቅ ያን ጊዜ ሸክላ የሚያዘፍን ሣጥን አስመጥቶ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ሰዉ ቆሞ ይሰማና ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ቋንቋ ሲያንጎራጉር ይውላል። በአንድ ቤሳ እቅፍ ሙሉ ብርቱካን ይገዛ ነበር፤ ያውም ሻጪዋ ምርቃት ብላ አንድ ሁለት ጣል ታደርጋለች። የድሬ ጠያራ ሴቶች ከሰል በአህያ ጭነው ገና ጤዛው ሳይረግፍ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። እኛ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጆች ነጭ እጀ ጠባባችንን ለብሰን ኩታችንን እናጣፋለን፤ የከተማው ሰው ሽርጥና ኮፍያ ያደርጋል፤ ሴቶቻቸው ደግሞ ሐምራዊና ቢጫ ሐር ለብሰው በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ግድግዳው ራሱ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ዛሬ እዚያው ሸዋ በር ላይ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ መሻገር እንኳ ፈርቼ አንድ ልጅ እጄን እስኪይዘኝ እጠብቃለሁ።

አባቴ ዘምተው መጥተው እዚሁ ከቀሩት ወታደሮች አንዱ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሞተ፤ ለእናቴ የተወላት ከሸዋ በር ውጭ አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ አሮጌ ጠመንጃና እኔን ነው። እናቴ ቄስ እንድሆን ተመኝታ ዳዊት አስደገመችኝ። ዳዊቱን ጨረስኩ፤ ድምፄ ግን ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ስለሚል ዜማው ላይ መሪጌታው ተስፋ ቆረጡብኝ። ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር አንድ ቀን የእናቴ ጉትቻ ተሰበረና ላስጠግንላት ወደ ጀጎል ገባሁ። ሰው ጠይቄ ቡዳ በር አጠገብ ካለች ጠባብ ደጅ ደረስኩ። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቀጭን ቧንቧ በአፋቸው ይዘው የኩራዝ ነበልባል ላይ ይነፋሉ። ነበልባሉ ጎንበስ ብሎ እንደ መርፌ ይቀጥንና ከሰል ላይ የተቀመጠችውን ብር ይነካታል፤ ብሯ ታበራለች፤ ስብራቱ የለም። የእናቴን ጉትቻ ለመጠገን የፈጀባቸው አንድ ስኒ የቡና ቅጠል ሆጃ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ ነው። እኔ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ሄጄ ቆምኩ። በሳምንቱ ሽማግሌው፣ «ከቆምክ አይቀር ወናፉን ያዝ» አሉኝ።

አው ሙሜ እኚህ ናቸው። በሐረር ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም፤ አው ይባላል። አራት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ አልነበራቸውም፤ የእህታቸውም ልጆች እንደ ዘመኑ ድሬዳዋ ወርደው ነጋዴ ሆነዋል። ወልደ ሰንበት የሚለው ስሜ ለምላሳቸው ስለረዘመ ደረሳ አሉኝ። ደረሳ እነሱ ዘንድ ቁርዓን የሚቀራ ተማሪ ነው፤ እሳቸው ግን ለሚማር ሁሉ ይሉታል። እኔም ዳዊት ደጋሚው ደረሳ ተብዬ፣ ብልጭታው ነጭ ልብሴን እንዳይበላው ሽርጥ አገልድሜ፣ ጧት ጧት ሸዋ በር እንደተከፈተ እየገባሁ በር ሊዘጋ ሲል እየወጣሁ ተማሪነቴን ጀመርኩ።

ግማሽ ዓመት ወናፍ ነፋሁ። ሁለቱ የፍየል አቁማዳዎች በሁለት እጅ ተራ በተራ ይጫናሉ፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይስባል፤ እሳቱ አንድ አፍታ እንኳ ትንፋሽ ካጣ አው ሙሜ ቀና ሳይሉ ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ወደ ቧንቧው አለፍኩ። ይህ ሥራ ከባድ ነው፤ በአፍ እየነፉ በአፍንጫ መሳብ ነው፤ ጉንጭ ወናፍ መሆን አለበት። አው ሙሜ አንድ ጣሳ ውሃና አንድ የስንዴ አገዳ ሰጡኝና፣ አረፋው ሳይቋረጥ ከቁጥር በላይ ንፋው አሉኝ። ጣሳውን ቤት ወስጄ፣ እናቴ ፊት፣ ዶሮዎቹ ፊት ስነፋ ከረምኩ፤ በመንገድም ጉንጬን ነፍቼ ስሄድ ያየኝ ሁሉ ይኸ ልጅ ታመመ ይል ነበር። ከዚያ ደግሞ ፍሬ መሥራት መጣ። ቀጭን የብር ሽቦ እንደ ሰሊጥ ይቆራረጥና በከሰል ዱቄት ውስጥ ይበተናል፤ ሲግል እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ሰብስቦ ይድቦለቦላል። መጀመሪያ ቀን ያን ሳይ ከደስታ ብዛት አንዷን በባዶ እጄ ላነሣት ሞከርኩ። የጣቴ ጠባሳ ዛሬም አለ፤ አው ሙሜ የሳቁት ሳቅ ግን የለም፤ አልሐምዱሊላህ እያሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ ነበር የሳቁት።

ባለቤታቸውን አዴ ዘይነባ እንላቸው ነበር። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ያውቃሉና ለእኔ ብቻ ሥጋ ነክቷት የማታውቅ አንዲት ትንሽ ድስት ለይተው አስቀመጡ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ስላወቁ በእነዚያ ቀናት እህሉ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ አንድም ቀን አልረሱም። እኔ ራሴ አንድ ዓርብ ረስቼው ቀደም ብዬ ልበላ ስል፣ «ዓርብ አይደለም እንዴ ልጄ?» ብለው ሳህኑን ወደ ኋላ የሳቡብኝ እሳቸው ናቸው።

የእናቴ ነገር ግን ሌላ ነበር። በእኛ ወገን ብረት የነካ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጠይብ ነው፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፤ ሰው ይበላል፤ ልጅ አይሰጡትም፤ ከእሱ አይጋቡም። ያው የምውልበት ሰፈር ስሙ ራሱ ቡዳ በር ነው፤ ለሐሜተኛ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይገኛል? እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ግን ፊቴ ላይ ያየችው ደስታ አሸነፋት መሰለኝ ዘዴ ፈጠረች። ጎረቤት «ልጅሽ ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባው የት ነው?» ሲላት፣ «ተማሪ ነው» ትላለች። ምን ይማራል ስትባል፣ «ጥበብ ይማራል» ትላለች። ሰዉም ጥበብ ሲባል ቅኔውን፣ መጻሕፍቱን፣ የሰሎሞንን ጥበብ ያስባል፤ «እሰይ፣ ያባቱን ስም ያስጠራል» ብሎ ይሄዳል። እናቴ ቃል አልዋሸችም። የእጅ ሥራም ጥበብ ነው፤ ጠይብ የሚለው ስም ራሱ ከጠቢብ የመጣ ነው ሲሉ በኋላ ከሊቃውንት ሰምቻለሁ። እንዴት አንዱ ቃል ሲባርክ ሌላው ሲረግም እንደሚኖር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ይህች ዘዴ ለጎረቤት በቂ ነበረች። ክፋቷ የመጣው ሚስት ስታመጣ ነው። ጥበብ የሚማር፣ አባቱ የሞተበት፣ ጨዋ ልጅ መባሌ በሐኪም ጋራ በኩል ይኖሩ የነበሩ ባሻ ተሰማ ጆሮ ደረሰ። ባሻ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያለቻቸው፣ ደረቅና ፊት የማይሰጡ ሰው ናቸው ይባላል። ሽማግሌ ሄደ፤ ሽማግሌ መጣ፤ ቀን ተቆረጠ። እንደ ዘመኑ ሥርዓት እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ልጅቱንም አላየኋትም። ባሻንም ያየኋቸው አንድ ቀን ነው፤ በጥምቀት ዕለት እናቴ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ፣ ያ ባለ ጥቁር በርኖሱ አማትህ ነው አለችኝ። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፤ በሕዝቡ መካከል አንዱ ነጭ ኩታ ነበርኩ። ልጅቱ አስካለ እንደምትባል ስሰማ ግን ስሟን ወደድኩት፤ ወናፍ ስነፋ በልቤ እጠራት ጀመር። ሳላያት ወደድኳት ብል አትስቁብኝ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን።

ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ረቡዕ ጧት ፍሙን ሳቀጣጥል ደጃፉ ጨለመ። ቀና ስል ጥቁር በርኖስ ነው። ባሻ ተሰማ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ቆመዋል። የሞተችው ባለቤታቸው አልቦ ነው፤ ወፍራም የድሮ የእግር አልቦ። አቅልጦ ለልጄ ድሪ የሚሠራልኝ እፈልጋለሁ፣ ግን ዓይኔ እያየ ነው አሉ። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በአው ሙሜ ቤት ደንቡ እንደዚህ ነው፤ ብሩ ከባለቤቱ ዓይን አይርቅም። ባለቤቱ ከማቅለጡ ጀምሮ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሲመሽ የተጀመረውን ሥራ ከነሞረዱ ብናኝ በራሱ ጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ይሄዳል፤ ጧት ፈትቶ ያስረክባል። ስለዚህ ነው አው ሙሜን ማንም በመዳብ ቀላቀልክ ብሎ የማያውቀው። እናም አማቴ ሦስት ቀን ፊት ለፊቴ ሊቀመጡ ነው።

አው ሙሜ ለውዱእ ወደ ጓሮ ሲወጡ ተከትያቸው ነገሩን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ክንዳቸውን እያጠቡ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ዋሽ አልልህም፤ ተናገርም አልልህም። ወናፉ ግን ሰው ይፈልጋል» አሉኝና ወደ ሶላታቸው ገቡ። እኔም ወደ ወናፌ ተመለስኩ። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ማተቤን ወደ ውስጥ ከተትኩና የእጀ ጠባቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። አው ሙሜ በእነዚያ ሁሉ ወራት አንድም ቀን ማተብህን ሸሽግ ብለውኝ አያውቁም። የሸሸግሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ከገዛ ወገኔ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይሞቀኛል።

ሽርጥ አገልድሜያለሁ፣ ደረሳ ተብዬ እጠራለሁ፤ ባሻ እስላም ነው ብለው ደመደሙ። መጀመሪያ ቀን ዓይናቸውን ከብሩ አልነቀሉም። አው ሙሜን በዕድሜ የሚያንሷቸው ሆነው ሳለ «አንተ» ይሏቸው ነበር፤ ጠይብ ነዋ። አልቦው ቀልጦ፣ ዘይት በተቀባ ቦይ ፈስሶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ባለ ቀዳዳው ብረት ውስጥ እየተጎተተ ሽቦ ሲሆን ቁጭ ብለው አዩ። በምሳ ሰዓት ለአው ሙሜ እህል ሲመጣ እኔ አልበላሁም። ባሻ ገረማቸው። ጾመኛ ነህ ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። «የናንተ ሰኞና ሐሙስ ይመስለኝ ነበር» አሉ። አው ሙሜ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ እኔ ፍሙን ቆሰቆስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አዴ ዘይነባ ሽሮ በዚያች ትንሽ ድስት ይዘው ሲገቡ ባሻ ድስቷን አዩ፤ እኔን አዩ።

ሐሙስ ዕለት ለዘብ አሉ። ድሪው ቀለበት በቀለበት ሲያያዝ፣ እኔ ፍሬዎቹን ከከሰሉ ዱቄት በወረንጦ እያነሣሁ በየቦታቸው ስደረድር ወደ እኔ ተጠግተው ተቀመጡ። የባለቤታቸውን ነገር አነሡ፤ አልቦውን ሲገዙላት ምን ያህል እንደተደሰተች፣ በቤት ውስጥ ስትሄድ ድምፁን እየሰሙ የት እንዳለች ያውቁ እንደነበር። ከሞተች በኋላ ቤቱ ዝም አለ አሉ። ከዚያ እጄን አይተው ለአው ሙሜ፣ የዚህ ልጅ እጁ የተባረከ ነው፣ ምነው ክርስቲያን በሆነ ኖሮ አሉ። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስሄድ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይዘውኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት ነገ ታምሜያለሁ በልና ቅር አለችኝ። ደህና ምክር ነበር። ግን የድሪው ግማሽ የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ በአንገቷ ላይ የምታስረው እሷ ናት። እንዴት ልቅር?

ዓርብ መጣ። እኩለ ቀን ሲሆን አው ሙሜ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ «ጁምዓ ነው፤ የቀሩትን ሦስት ፍሬዎች አንተ አጋጥም፣ ደረሳ» አሉኝ። ያለ እሳቸው ብቻዬን አጋጥሜ አላውቅም ነበር። ለምን ያን ቀን እንደተዉልኝ በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ጁምዓ ነበር ከማለት ሌላ ነገር አላሉኝም። ሄዱ። እኔና ባሻ ብቻችንን ቀረን። ብርን ከብር የሚያጣብቀውን ነጭ ጨው ነስንሼ፣ ቧንቧውን አፌ ላይ አድርጌ ነበልባሉን አጎነበስኩት። ባሻ ያወራሉ፤ ሰውየው ካወሩ እንደማያቆሙ ያን ቀን አወቅሁ። ልጃቸውን የሚሰጡት ለተማሪ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም አሉ። አንድ ጊዜ የርስታቸው ደብዳቤ መጥቶ ለሚያነብ ሰው ሰጡት፤ ሰውየው የሌለውን አነበበላቸው፤ መሬቱም ሄደ። ያን ዕለት ልጄን ፊደል ከማያውቅ ሰው ቤት አላስገባትም ብዬ ማልኩ አሉኝ። «አሁን ግን እግዜር ይመስገን፤ ልጁ ጥበብ ይማራል አሉኝ። ልቤ ዐረፈ፤ ሰው እንደገና ማመን ጀመርኩ» አሉ።

ትንፋሼ ተቋረጠ። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ ነበልባል አምልጦኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ኩራዙ ብልጭ ብሎ ፍሬዋ ከቦታዋ ተንሸራተተች። አንዴ ያታለላቸው አንባቢ ነው፤ ሁለተኛው እኔ ልሆን ነው። ቧንቧውን አስቀመጥኩና ቁልፌን ፈትቼ ማተቤን አወጣሁ።

«ባሻ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ» አልኩ።

የቱ ልጅ አሉ፤ አልገባቸውም። ስሜን ነገርኳቸው፤ የእናቴን ስም ነገርኳቸው፤ የምማረው ጥበብ ይኸ ነው ብዬ ፍሙን አሳየኋቸው። ዳዊት መድገሜን አልነገርኳቸውም፤ ያን ጊዜ ማመካኛ መስሎ ታየኝ። ባሻ ማተቤን አተኩረው አዩት። ከዚያ በዝግታ፣ ለማንም እንደሚያወሩ ሳይሆን፣ «አቅልጠው» አሉኝ።

ሊጠናቀቅ አንዲት ፍሬ ነበር የቀረው። ሁመሩ ጥግ ላይ ተዘፍዝፎ ተቀምጧል። ልለምናቸው አስቤ ነበር፤ እኔ እንኳ ይቅርብኝ፣ ድሪውን ለእሷ ይውሰዱላት ልላቸው። ግን ብሩ የእሳቸው ነው፤ የቤቱም ደንብ ደንብ ነው። ድሪውን አጥፌ ማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ከተትኩት። የሞረዱን ብናኝ፣ የሽቦውን ቅንጣቢ፣ የወደቀችውን ፍሬ ከምንጣፉ ፈልጌ ጨመርኩ። ወናፉን በሁለት እጄ ይዤ ነፋሁ። ቀለበቶቹ መጀመሪያ ቀሉ፤ ከዚያ ላቡ፤ ከዚያ አንድ ላይ ተደፉ። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ፤ እንባዬ ወናፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እጄን ግን አላቆምኩም።

አው ሙሜ ከመስጊድ ሲመለሱ ብሩ በርዶ እንደ ጣት የወፈረ ቁራጭ ሆኖ ነበር። ሸክላውን አዩ፤ ማተቤን አዩ፤ ባሻን አዩ። «ያ አላህ» ብቻ አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው። ከዚያ ሚዛናቸውን አወረዱና ረቡዕ ዕለት የመዘኑበትን ጠገራ ብር ቆጥረው በአንዱ በኩል፣ ቁራጩን በሌላው በኩል አደረጉ። እሳት ከሚበላው በቀር የጎደለ አልነበረም። «ባሻ፣ ብርዎን ይቁጠሩ» አሉ። ባሻ ቁራጩን አንሥተው በጨርቃቸው ቋጠሩት። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «እርስዎ ደህና ይዋሉ» አሏቸው። እኔን ሳያዩ ወጡ።

እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ መቼ ዋሸሁ እያለች ግድግዳውን ትጠይቃለች። በመጨረሻ ያን ወናፍ ተወውና ባሻ እግር ላይ ውደቅ አለችኝ፤ ወይ ሚስት ወይ ወናፍ። ሚስቲቱን አጥቼ መቅረቴን እያወቅሁ እንኳ ማክሰኞ ጧት ተነሥቼ ወደ አው ሙሜ ሄድኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽርጤን ከቤቴ አገልድሜ፣ ማተቤን ከላይ አድርጌ፣ በሸዋ በር በጠራራ ፀሐይ ገባሁ። የሰፈሩ ሰው አየኝ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ የሚሸሸግ ነገር ስላልቀረኝ ነው።

አምስት ሳምንት ወሬ የለም። ከዚያ የጋብቻው ሽማግሌ መጡ። እናቴ ማጫውን ሊመልሱ ነው ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀበለቻቸው። ሽማግሌው ግን፣ ቀኑ እንደተቆረጠው ነው፣ ባሻ ደግሰዋል አሉ። ሌላ መልእክት የለም ወይ ብትላቸው፣ የለም አሉ። እናቴ ሰውየው አላበደም ትላላችሁ እያለች ጌሾ ፍለጋ ወጣች። እኔም አልገባኝም፤ እስከ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ባሻ በሠርጉ ቀን እንደ ሥርዓቱ መረቁኝ፤ ጉልበታቸውን ስስም እጃቸውን ራሴ ላይ ከሌላው ሰው ትንሽ አስረዘሙ። 

አስካለ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷን ተሸፍና፣ ቃል ሳትናገር ተቀመጠች፤ የሙሽራ ወጉ ነው። እኔም ምን እንደምላት ጨንቆኝ ነበር። ባሻ ለልጃቸው ነግረዋታል ወይስ አልነገሯትም? የምታውቅ ከሆነ ዝምታዋ ጥላቻ ነው፤ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ መንገሩ የእኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ጧት ሚዜዎቹ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ፊቷን ገለጠች። ዓይኖቿ የባሻ ናቸው፤ ግን የሚስቁ። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ያን እንደ ጣት የወፈረ ቁራጭ ብር አወጣች።

«አባቴ ይህን ለጠይቡ ስጪው ብሎኛል» አለችኝ፤ በሕይወቷ መጀመሪያ ያናገረችኝ ይህን ነው። «ድሪ ይሠራልሽ፤ ቤቱን ባልሽ ያውቀዋል አለኝ። ሩቅ ነው?»

 ወናፍ ቢሰጡኝ ያን ጊዜ አንድ ትንፋሽ አላወጣም ነበር።

«ሩቅ አይደለም» አልኳት። «ደርሰሻል።»

አልገባትም። ከዚያ ዓይኗ ወደ እጄ ወረደ፤ ጭስ የጠጡትን ጥፍሮቼን፣ የጣቴን ጠባሳ አንድ በአንድ አየች።  ከዚያ ብሩን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችልኝ።